ከሊሾ ሥር የሚበሰብሰው ቋሚ

የጭቃ ቤት ሲታደስ የሚሠራው ሥራ በየከተማው አንድ ዓይነት ሆኗል። ግድግዳው ላይ ሽቦ ይወጠራል፣ የሲሚንቶ ልስን ይለሰናል፣ ወለሉ ሊሾ ይሆናል፣ ቀለም ይቀባል። ድሮ በረት ወይም የእህል መጋዘን የነበረን የጓሮ ቤት ለኪራይ የሚያዘጋጅም እንዲሁ ያደርጋል፤ መሀሉን በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ይከፍልና ሊሾውን በቋሚዎቹ ዙሪያ ያፈሳል። ባለቤቱም ግንበኛውም ቤቱ ጠነከረ ብለው ያምናሉ። እኔ ደግሞ የቤቱ መበስበስ ከዚያን ቀን ጀምሮ ይፈጥናል እላለሁ።

የተቀበረ እንጨት ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ከመሬቱ አፍ ላይ ነው። ጥልቅ ውስጥ ያለው ክፍል አየር ያጥረዋል፤ ከላይ ያለው ይደርቃል። እርጥበትና አየር አብረው የሚገናኙት አንድ ስንዝር ያህል ከፍና ዝቅ ብሎ ባለው ቦታ ነው። የእንጨቱ እርጥበት ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች እስከሆነ ድረስ የሚያበሰብሰው ፈንገስ አይነሳበትም፤ ከዚያ በላይ ሆኖ ሲከርም ግን የመበስበስ አደጋው ይጨምራል። ሊሾ የሚፈሰው ልክ እዚያ ቦታ ላይ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍ እየደረቀ ሲሄድ ይኮማተራል፤ በእሱና በሊሾው መካከል ቀጭን ክፍተት ይፈጠራል። ወለሉ በታጠበ ቁጥር ውሃው በዚያ ይገባል፣ የሚወጣበት መንገድ ግን የለውም። ቀድሞ በመላው ወለል ይተን የነበረው የአፈር እርጥበትም መውጫው ስለተዘጋበት ወደ ግድግዳው ጥግ ያመራል።

ልስኑም ጥፋቱን ያባብሰዋል። ጭቃ እርጥበትን ተቀብሎ መልሶ ያስወጣል፤ እንጨቱና ጭቃው በክረምት ያብጣሉ፣ በበጋ ይኮማተራሉ። ሲሚንቶ ግን አብሯቸው አይንቀሳቀስም፤ ይሰነጠቃል። ዝናቡ በስንጥቁ ይገባል፣ ልስኑ ደግሞ እንዳይደርቅ ይይዘዋል። በየዓመቱ ምርጊት የሚያድስ ሰው የምስጥ መንገድ ሲያገኝ ይነቃል፤ ከልስን ጀርባ የገባውን ምስጥ ግን ቋሚው ባዶ እስኪሆን ድረስ የሚያየው የለም። የተቃጠለ ዘይት መቀባትም ላዩን እንጂ ውስጡን አያድንም።

ሊሾ የተወደደው በምክንያት ነው። ቁንጫና ሙጀሌ ከአፈር ወለል ጋር ይኖራሉ፤ ቤቱን በእበት የመለቅለቁ ድካምም የሴቶች ነበር። ወደ አፈር ወለል እንመለስ የሚል ካለ ያንን ሥራ ሠርቶት አያውቅም። የእኔ ክርክር ሊሾው ከእንጨቱ ጋር ስለሚገናኝበት ቦታና ከሊሾው በታች ስላለው ነገር ነው።

እንጨት ከአፈር መራቅ አለበት። በምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ ከተሠሩት የመኳንንት ቤቶች ብዙዎቹ እንጨትና ጭቃ ናቸው፤ ግን ከድንጋይ መሠረት ላይ ከፍ ብለው ቆሙ፣ ወለላቸውም ጣውላ ሆነ። ዛሬም ማካፈያ ግድግዳ ለመሥራት ቋሚ መቅበር አያስፈልግም። ከወለሉ ከፍ ያለ አንድ ረድፍ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ይገንባ፤ በላዩ ወፍራም ፕላስቲክ ይነጠፍ፤ ከዚያ አግድም እንጨት በብረት ታስሮ ይቀመጥና ቋሚዎቹ በእሱ ላይ ይመቱ። ወለል ሲታጠብ ውሃው እንጨት አይነካም።

ስለ ወለሉ ቅዝቃዜ ደግሞ የሚናገር ሰው አጥቻለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ሌሊቷ ይቀዘቅዛል። በጥቅጥቅ አፈር ላይ በቀጥታ የፈሰሰ ሊሾ የሰውን ሙቀት ይስባል፤ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ የሚተኙ ልጆች ያውቁታል፣ ፍራሹም ከሥሩ ይረጥባል። በቢሾፍቱ አካባቢ የሚወጣው ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ቀዳዳው ውስጥ አየር ይይዛል። ድቃቁ ተነፍቶ፣ ከሊሾው ሥር በወፍራሙ ቢደለደልና ፕላስቲክ ቢለብስ ቅዝቃዜውን ያለዝባል፣ ከታች የሚሳበውንም እርጥበት ይቆርጣል። ለጠጠሩ የሚደረገው ቁፋሮ ግን ከነባሩ ግድግዳ መሠረት በታች እንዳይወርድ፤ ግድግዳው ይናዳል። በረት በነበረ ቤት ደግሞ የከብት ሽንት ለዓመታት የጠጣው አፈር ጨዋማ ነው፤ ጨው ከአየር ሳይቀር እርጥበት ስለሚስብ ያ አፈር ተቆፍሮ መውጣት አለበት። በላዩ ሊሾ ማፍሰስ እርጥበቱን ለግድግዳው ማስረከብ ነው።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል ይባላል። ለውጪ ልስን የሚወጣው ሲሚንቶስ ገንዘብ አይደለም? ተከራይ የሚያየው ቀለሙን ስለሆነ ባለቤት በሚታየው ላይ ያወጣል፤ ቋሚው ሲበሰብስ በተጣመመ በርና በተሰነጠቀ ግድግዳ ውስጥ የሚኖረው ግን ተከራዩ ነው።

ቤት ልታድሱ ያሰባችሁ፣ ሲሚንቶ ከመግዛታችሁ በፊት ከአንዱ ቋሚ ሥር ቆፍራችሁ በቢላ ውጉት። ቢላው ከገባ ልስኑን ተዉት፤ ገንዘባችሁን በድንጋይ መሠረት፣ በአሸንዳና ውሃውን ከግድግዳው በሚያርቅ ቦይ ላይ አውሉት።