እጀታውን ማን ያዙር?



ባለፈው ዓመት በምኖርበት በእስቴ መካነ ኢየሱስ ስለ ቀላል መሣሪያዎች ሳስተምር ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንድ ጥያቄ አቀረብኩላቸው። «በቤታችሁ ካለው ሥራ እጀታ ወይም መዘውር ቢገጠምለት የሚቀለው የትኛው ነው?» አልኳቸው። ወንዶቹ ተሽቀዳድመው «ወፍጮ»፣ «የውኃ ጉድጓድ»፣ «ጋሪ» አሉ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን «ልብስ ማጠብ» ብላ መለሰች። ክፍሉ ሳቀ። «እሱማ የመብራት ሥራ ነው፤ መብራት ከሌለ ምን ሊያዞረው?» ያላትም ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። እጇን ሳየው ጣቶቿ በየመገጣጠሚያቸው ተሰነጣጥቀዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰባት ሰው ልብስ የምታጥበው እሷ እንደሆነች በኋላ ነገረችኝ።

ያ ሳቅ ከአእምሮዬ አልወጣም። ምክንያቱም የልጅቷ መልስ ትክክለኛ ነበር። የመብራት ኃይል ሳይታወቅ ከመቶ ዓመት በላይ ሰዎች በእጀታ የሚዞር የልብስ ማጠቢያ መኪና ሲሠሩና ሲያሻሽሉ ኖረዋል። መብራት ላልደረሰባቸው ቀበሌዎችና መብራት እየመጣ ለሚሄድባቸው ከተሞች ይህ ታሪክ የጥንት ወሬ ብቻ አይደለም። ስለሆነም ዛሬ የእነዚያን መኪኖች መሻሻል ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

እጅና እግር የሚሠሩት ሥራ

መኪናውን ከማየታችን በፊት ሥራውን እንይ። ልብስ ማጠብ አንድ ሥራ አይደለም። ውኃ ይቀዳል፤ ልብሱ ይዘፈዘፋል፣ ይታሻል፣ ይለቀለቃል፣ ይጨመቃል፣ በመጨረሻም ይሰጣል። ብዙዎቻችን እድፉን የሚያስለቅቀው ማሸቱ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ዋናው ጉዳይ ሳሙና የያዘው ውኃ በድሩና በማጉ መካከል ደጋግሞ መግባቱና መውጣቱ ነው። አባቶቻችን ወንዝ ወርደው ጋቢውን በእንዶድ ዘፍዝፈው በእግራቸው ይረግጡት የነበረው ለዚሁ ነው። እግር ሲጫን ውኃው እድፉን ይዞ ይወጣል፤ እግር ሲነሳ ሌላ ውኃ ይገባል።

የልብስ ማጠቢያ ቦታ ለሚያስተውል ሰው ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሳይንቲስቱ አክሊሉ ለማ ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያን ትል የሚያሳድጉ ነበሩ። ከዚያ ምልከታ በተነሳው ምርምር አክሊሉ ከባልደረባቸው ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። ያ ሁሉ የተጀመረው የሴቶችን ሥራ ንቆ ካለማለፍ ነው። የማጠቢያ መኪናም ታሪክ እንዲሁ ነው፤ ሥራውን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው አሻሻለው፤ ያላየው ድካሙን ከክንድ ወደ ወገብ ከማዛወር አላለፈም።

ከከበሮው እስከ ባለ እግሩ እንጨት

በእንግሊዝ አገር ሄንሪ ሲድጊየር የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1782 ለአንድ የማጠቢያ መኪና የፈጠራ መብት ወሰደ። መኪናው ከእንጨት ዘንጎች የተሠራ ከበሮ ሆኖ ገንዳ ውስጥ ተጋድሞ በእጀታ የሚዞር ነበር። በአሜሪካ ደግሞ ጄምስ ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1851 ለከበሮ መኪና የፈጠራ መብት አገኘ። ከበሮ ሲዞር ልብሱን ወደ ላይ ያወጣውና ከላይ ይለቀዋል፤ ልብሱም በራሱ ክብደት ውኃው ላይ ይወድቃል። መውደቁ የእግርን መርገጥ ይተካል። ሆኖም እጀታው ከመጠን በላይ ከፈጠነ ልብሱ ከከበሮው ግድግዳ ጋር ተለጥፎ አብሮ ይዞራል እንጂ አይወድቅም። ያን ጊዜ ጉልበት ይወጣል፤ ልብሱ ግን አይነጻም።

ሌሎች ሠሪዎች ሸንተረር ባላቸው ሁለት ጣውላዎች መካከል ልብሱን የሚያሽ ሣጥን ሠሩ። እድፍ ያወጣል፤ ቁልፍ ይሰብራል፤ ጨርቁንም ቶሎ ይጨርሳል። እንደ ቅል ወዲያና ወዲህ የሚናጥ ገንዳ የሠሩም ነበሩ። እሱ ለጨርቁ የዋህ ነው፤ ነገር ግን ውኃ የሞላ ገንዳ ሙሉ ለሙሉ ማንቀሳቀስን ይጠይቃል።

ከእነዚህ ሁሉ ረጅም ዕድሜ ካገኙት አንዱ እንደ ዱካ እግር ያለው እንጨት ነው። በገንዳው ክዳን ሥር ይንጠለጠላል፤ እግሮቹ ልብሱን ይዘው በውኃው ውስጥ ያሽከረክሩታል። ብላክስቶን የሚባል የኢንዲያና ሰው እ.ኤ.አ. በ1874 ይህን የመሰለ መኪና ለባለቤቱ የልደት ስጦታ አድርጎ እንደሠራላት ይነገራል።

መዞር ብቻ አይበቃም

እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ችግር ተፈጠረ። እንጨቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከዞረ ልብሱ ተጠቅልሎ ገመድ ይሆናል። ገመድ የሆነ ልብስ ውስጥ ውኃ አይገባም። ስለዚህ ግማሽ ዙር ሄዶ መመለስ አለበት። ነገር ግን ይህን በእጅ ማድረግ ማለት በውኃ የከበደውን ልብስ በየጊዜው ማቆም፣ እንደገናም ማስነሳት ነው። ክንድን የሚጨርሰው ይህ ነው።

መፍትሔው ጥርስ ባላቸው መዘውሮች መጣ። አጣቢዋ እጀታውን ሳታቋርጥ ወደ አንድ ወገን ታዞራለች፤ ጥርሶቹ ግን ከታች ያለውን እንጨት ወዲያና ወዲህ ይመልሱታል። ዙርን ወደ ምልልስ መለወጥ በኢስላም ዓለም ቀድሞ የታወቀ ጥበብ ነበር። የዲያርባክሩ መሐንዲስ አል-ጀዘሪ እ.ኤ.አ. በ1206 ባጠናቀቁት የመሣሪያዎች መጽሐፋቸው ውስጥ የውኃ ኃይል የሚያዞረው መዘውር ሁለት ፒስተኖችን ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሰ ውኃ ወደ ላይ የሚገፋበትን ፓምፕ በሥዕል አስረድተዋል።

ሁለተኛው ማሻሻያ ከባድ የብረት ጎማ ከእጀታው ጋር ማያያዝ ነው። እንዝርት የፈተለች እናት ይህን ትምህርት ቤት ሳትገባ ታውቀዋለች። ከእንዝርቱ ላይ ያለችው ክብ ክብደት አንዴ ከዞረች መዞሯን ትቀጥላለች፤ ጣት የሚያስፈልገው ለማስነሳት ነው። በእጅ በሚዞረው የስፌት መኪና ላይም ጎማው እንዲሁ ያግዛል። በማጠቢያው መኪና ላይ ጎማው አቅጣጫ በሚለወጥበት ከባድ ቅጽበት ያጠራቀመውን ጉልበት ይሰጣል።

ይሁንና ተማሪዎቼን ሁልጊዜ እንደማስጠነቅቃቸው ጉልበት በነጻ አይገኝም። ጥርሶቹ እጀታውን ካቀለሉ የዙሩ ብዛት ይጨምራል። መኪናው ድካሙን ይከፋፍለዋል፤ ጨርሶ አያጠፋውም።

የመጭመቂያው ነገር

ወፍራም ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ በእጅ የጨመቀ ሰው ከማሸቱ ይልቅ መጭመቁ እንደሚከብድ ያውቃል። በካናዳ የሴንት ጆን ከተማ ሰው የሆነው ጆን ተርንቡል እ.ኤ.አ. በ1843 ከማጠቢያው ጋር መጭመቂያ ላለው መኪና የፈጠራ መብት ወሰደ። ልብሱ በሁለት ድቡልቡሎች መካከል ገብቶ ውኃውን ተፍቶ ይወጣል። ጥጥ ሲዳመጥ ፍሬው ወደ ኋላ እንደሚቀር ሁሉ እዚህም ውኃው ወደ ኋላ ይቀራል። የእንጨት ድቡልቡል ቁልፍ ይሰብር ስለነበር በኋላ ጎማ ለበሰ፤ ወፍራም ልብስ ሲመጣ ከፍ ብሎ እንዲያሳልፍም ሞላ (ስፕሪንግ) ተገጠመለት።

በዚህ መጭመቂያ ታሪክ ውስጥ የሚያሳዝን ምዕራፍ አለ። የዋሽንግተን ነዋሪ የሆነችው ጥቁር አሜሪካዊት ኤለን ኤግሊን የራሷን መጭመቂያ ፈለሰፈች። እ.ኤ.አ. በ1888 ግን ፈጠራዋን በ18 ዶላር ለአንድ ደላላ ሸጠችው። ምክንያቷን ስትጠየቅ የሠራችው ጥቁር ሴት መሆኗ ከታወቀ ነጮቹ እመቤቶች እንደማይገዙት ተናገረች። ትርፉን ሌላ ሰው በላው። ሥራውን የምታውቀው ሴት ሐሳብ ስታመጣ የሚስቅባት ክፍል በእኛ ትምህርት ቤት ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ከዚያም በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሞተር መጣ። እ.ኤ.አ. በ1907 በእጅ የሚዞር የእንጨት ማጠቢያ መሥራት የጀመረው የአሜሪካው የሜይታግ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1922 ከገንዳው ወለል ላይ ሆኖ ውኃውን ራሱን የሚገፋ ክንፍ ያለው መኪና አወጣ። ልብሱን ከመጎተት ውኃውን በልብሱ ውስጥ ማሳለፍ እንደሚሻል ተገለጠ። ወንዝ ዳር እግር ሲያደርገው ወደነበረው ነገር ተመለሱ እንበል።

መኪናው የማይሠራው

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። እጀታ ውኃ አይቀዳም። ለአንድ ጊዜ ማጠብና ለሁለት ጊዜ ማለቅለቅ በየጊዜው ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢያስፈልግ ስድስት ጀሪካን ይሆናል፤ ይህም 120 ኪሎ ውኃ ነው። ያን የሚሸከመው ማነው? አሜሪካዊቷ የታሪክ ተመራማሪ ሩት ሽዋርትዝ ኮዋን እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተሙት መጽሐፍ የቤት መኪኖች ሲበዙ የእናቶች የሥራ ሰዓት እንደተጠበቀው እንዳልቀነሰ አሳይተዋል። መኪና ሲገባ ያግዙ የነበሩት ወንዶች፣ ልጆችና ሠራተኞች ከሥራው ወጡ፤ ልብሱም ከቀድሞው ይልቅ ቶሎ ቶሎ መታጠብ ጀመረ። እናት ብቻዋን ከመኪናው ጋር ቀረች።

ዛሬም የእጅ መኪናን የሚያሻሽሉ አሉ። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ናቭጆት ሳህኒ ደቡብ ሕንድ ውስጥ ሲኖሩ የጎረቤታቸውን ልብስ የማጠብ ድካም አይተው በእጀታ የሚዞር የከበሮ መኪና ሠሩ፤ ስሙንም በጎረቤቲቱ ስም «ዲቪያ» አሉት። መኪናው ኢራቅ ውስጥ ባሉ የተፈናቃዮች መጠለያዎችም ደርሷል። የሁለት መቶ ዓመት ሐሳብ ገና አላረጀም።

እንዲህ ያለ መኪና ለመግዛት ወይም በከተማችን ብየዳ ቤት ለማሠራት ያሰበ ቤተሰብ የሚከተሉትን ቢያጣራ መልካም ነው። ልብሱ ገመድ እንዳይሆን ይመልሳል ወይስ ወደ አንድ ወገን ብቻ ይዞራል? እጀታው በወገብ ልክ ነው ወይስ ያጎነብሳል? ውኃው ከሥር በቀዳዳ ይወጣል ወይስ ገንዳው ተነስቶ ይደፋል? መጭመቂያ አለው? ጥርሶቹ የሕፃን ጣት እንዳይገባ ተሸፍነዋል? ቢሰበር እዚሁ ይጠገናል? የሶላት ልብስ ላለበት ቤት ደግሞ ማለቅለቁን መኪናው ይሠራዋል ብሎ መዘናጋት አይገባም፤ የሳሙናውን ውኃ ደፍቶ ንጹሕ ውኃ መጨመር የግድ ነው።

እኛም ከተማሪዎቼ ጋር አንድ ሙከራ አደረግን። ክዳን ባለው የፕላስቲክ ባልዲ መሐል ቀዳዳ በስተን አራት እግር ያለው እንጨት አስገባን፤ ከላይ እጀታ ገጠምንለት። አንድ ነጠላና ሁለት ሸሚዝ ጨምረን ማዞር ስንጀምር ወዲያው ተጠቅልሎ ቀጥ አለ። ወንዶቹ «ጉልበት ይጨመር» አሉ። ያቺ ልጅ ግን «ቲቸር፣ ወደ ኋላ ይመልሱት» አለችኝ። መለስኩት፤ ልብሱ ተፈታ። ሠሪዎቹ ስንት ዘመን የደከሙበትን ነገር እሷ ከሳፋው ታውቀው ነበር። በዚያ ቀን የሳቀባት አልነበረም።

ከዚያ በኋላ እጀታውን እንዲያዞሩ ያዘዝኩት ወንዶቹን ነው። አንዱ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ክንዱን እያሸ «ለካ እህቴ ይህን ነው የምትሠራው» አለ። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በቤታቸው ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) መመስከራቸውን ከመድረሳ ጀምሮ ተምረናል። የተማርነውን በሳፋው ዘንድ ካላሳየነው የት እናሳየዋለን?

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ መኪናው እስኪመጣ ድረስ የሚቀጥለው ቅዳሜ አይጠብቅም። ልብሱ ማታውኑ ይዘፍዘፍ፤ ወንድ ልጅ ጀሪካኑን ይሸከም፤ ጋቢውን አባትና ልጅ በሁለት ወገን ይዘው ይጭመቁት። ሴት ልጃችን የምታገኘው ሁለት ሰዓት ለደብተሯ ይሁን።

ወላሁ አዕለም። በሚቀጥለው ወር በሰላም ያገናኘን።