የኩባንያ ዘገባ ማንን ይቆጥራል? ማኅበራዊ ኃላፊነት ከልግስና እስከ ተጠያቂነት

በየዓመቱ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሲገባደዱ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የአክሲዮን ገበያዎች የተመዘገቡ ኩባንያዎች ሁለት ሰነዶችን ለሕዝብ ይፋ ያደርጋሉ። አንደኛው ትርፍና ኪሳራን የሚያሳየው የሒሳብ መግለጫ ነው። ሁለተኛው የዘላቂነት ዘገባ በመባል የሚታወቀው ሲሆን፣ ኩባንያው ለአካባቢ ጥበቃ፣ ለሠራተኞች ደኅንነትና በዙሪያው ላለው ማኅበረሰብ ያከናወነውን ይተርካል። የመጀመሪያውን ባለአክሲዮኖች በጉጉት ያነቡታል፤ ሁለተኛውን በእርግጥ ማን እንደሚያነበው መናገር ግን ያስቸግራል። አብዛኛውን ጊዜ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የሚወጣ፣ በሚያማምሩ ፎቶግራፎች የታጀበ፣ ከመቶ ገጽ በላይ የሚዘልቅበት ጊዜም ጥቂት ያልሆነ ሰነድ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ሰነድ ከባለአክሲዮኖች ባልተናነሰ የሚመለከታቸው ሌሎች ሰዎች አሉ። የኩባንያውን ሕንጻ የሚያጸዱ፣ በሩን የሚጠብቁ፣ ዕቃውን የሚያጓጉዙና ለሠራተኞቹ ምግብ የሚያቀርቡ ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል አማርኛ ተናጋሪዎችም ይገኙበታል። ስለዚህ ጥያቄው ግልጽ ነው፦ አንድ ኩባንያ ለሠራተኞቼ ይህን ያህል አድርጌአለሁ ብሎ ሲጽፍ፣ በሩን የሚከፍትለት ሰው «ሠራተኞቼ» በሚለው ቃል ውስጥ ይገኛል ወይስ አይገኝም?

በአካባቢው የዘላቂነት ዘገባ ከበጎ ፈቃድ ወደ ግዴታ የተሸጋገረው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። የአቡ ዳቢ የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2019 የተመዘገቡ ኩባንያዎች ይፋ ሊያደርጓቸው የሚገቡ 31 አመልካቾችን የያዘ መመሪያ አወጣ። በቀጣዩ ዓመት የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የሰነደ ሙዓለ ንዋይና የሸቀጦች ባለሥልጣን ያወጣው የኩባንያ አስተዳደር ደንብ ዘገባውን ለሕዝብ አክሲዮን ማኅበራት ግዴታ አደረገው። የሳዑዲ ዓረቢያ ገበያም በ2021 ተመሳሳይ መመሪያ ይፋ አድርጓል። ከሁሉም ጠንከር ያለው ግን የአየር ንብረት ለውጥ ተጽዕኖዎችን ለመቀነስ የወጣው የኤምሬትስ የፌዴራል ድንጋጌ ሕግ ቁጥር 11/2024 ነው። ከግንቦት 30 ቀን 2025 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ይህ ሕግ በነጻ ቀጣናዎች ያሉትን ጨምሮ ኩባንያዎች የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀታቸውን እንዲለኩና እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ሕጉን የጣሰ ከ50 ሺህ እስከ 2 ሚሊዮን ዲርሃም ይቀጣል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ጥፋቱን ከደገመም ቅጣቱ እጥፍ ይሆናል።

የጉዳዩ መነሻ ግን ከአካባቢው ውጭ ነው። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ምሁር ሃዋርድ ቦውን ስለ ነጋዴዎች ማኅበራዊ ኃላፊነት የጻፈው መጽሐፍ የታተመው በ1953 ነበር። ሚልተን ፍሪድማን ደግሞ በ1970 በኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ የኩባንያ ማኅበራዊ ኃላፊነት በሕግ ማዕቀፍ ውስጥ ሆኖ ትርፉን ማሳደግ ነው ሲል ተከራከረ። ክርክሩን ከንድፈ ሐሳብ ያወጣው አደጋ ነው። በመጋቢት 1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተሰኘችው ነዳጅ ጫኝ መርከብ በአላስካ ጠረፍ ዘይቷን አፈሰሰች። ከዚያ በኋላ በተነሣው እንቅስቃሴ ውስጥ በ1997 በቦስተን ግሎባል ሪፖርቲንግ ኢኒሼቲቭ ተመሠረተ። ይህ ተቋም በ2000 የመጀመሪያ መመሪያውን አወጣ፤ ዛሬ በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው የዘላቂነት ዘገባ መመዘኛዎች መካከል የእርሱ በቀዳሚነት ይጠቀሳል።

እነዚህን ዘገባዎች ከዐረብኛ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚሞክር ሰው በመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ችግር ያጋጥመዋል። ዐረብኛው «መስኡሊያ» ይላል። ሥርወ ቃሉ «ሰአለ» ነው፤ በግእዝም ያው ቃል መለመንና መጠየቅ ማለት ሲሆን «ስእለት» የሚለውን ቃል ሰጥቶናል። እንግዲህ በዐረብኛ «መስኡል» የሚባለው ሰው ቃል በቃል የሚጠየቅ ሰው ነው። አማርኛ ግን ይህን አንድ ሐሳብ ለሁለት ከፍሎታል፤ ኃላፊነት አለ፣ ተጠያቂነትም አለ። በተለመደው አተረጓጎም «ማኅበራዊ ኃላፊነት» እንላለን፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ቃሉን ስንመርጥ የመጠየቁ ነገር ሳይታወቀን ይወድቃል። (ኃላፊ የሚለው ቃል በአማርኛ አላፊ፣ ጠፊ የሚል ሌላ ፍቺም እንዳለው ሳይዘነጋ!) ይፋ ማድረግን ዐረብኛ «ኢፍሳሕ» ይለዋል፤ ይህም «ፉስሓ» ከሚለው፣ ማለትም ከጠራው የዐረብኛ ልሳን ጋር አንድ ሥር አለው። ግልጽ መሆንና አንደበተ ርቱዕ መሆን ከአንድ ሥር መብቀላቸው የቋንቋ ጉዳይ ነው፤ በአንዳንድ ዘገባዎች ውስጥ ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሲተካ ይታያል።

ለዚህ መደባለቅ አንዱ ምክንያት ማኅበራዊ ኃላፊነት ለረጅም ጊዜ ከልግስና ጋር አንድ ሆኖ መታየቱ ነው። ኳታር በ2008 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 13 በገበያዋ የተመዘገቡ ኩባንያዎች ከተጣራ ትርፋቸው 2.5 በመቶውን ለማኅበራዊና ስፖርታዊ ተግባራት እንዲያውሉ ደነገገች፤ ቁጥሩ ለሙስሊም አንባቢ የዘካን ምጣኔ ያስታውሰዋል። ሕንድም በ2013 የኩባንያዎች ሕጓ የተወሰነ መጠን ያላቸው ድርጅቶች ካለፉት ሦስት ዓመታት አማካይ ትርፋቸው ቢያንስ 2 በመቶውን ለማኅበራዊ ሥራ እንዲመድቡ አዛለች። በእነዚህ ሕጎች ትምህርት ቤቶችና ክሊኒኮች ተሠርተዋል፤ ማናናቅ አይገባም። ሆኖም ሕጎቹ የሚጠይቁት ትርፉ ከተገኘ በኋላ ከእርሱ ምን ያህሉ እንደተሰጠ ነው። ትርፉ እንዴት እንደተገኘ የሚለው ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ የግንባታ ተቋራጭ በረመዳን ለሺህ ሰዎች ኢፍጣር አዘጋጀ እንበል። ይኸው ተቋራጭ የሠራተኞቹን ደመወዝ በሁለት ወር አዘግይቶ የሚከፍል ቢሆን፣ የመጀመሪያው ድርጊት በዘገባው ሁለት ገጽ ከፎቶግራፍ ጋር ሲያገኝ ሁለተኛው ስፍራ ላያገኝ ይችላል። በጎ አድራጎት ለመዘገብ ቀላል ነው፤ ደረሰኝ አለው፣ ፎቶግራፍ አለው፣ አመስጋኝ አለው።

ሁለተኛው ችግር የማረጋገጥ ነው። በመስከረም 2015 የጀርመኑ መኪና አምራች ፎልክስዋገን በዳው ጆንስ የዘላቂነት መለኪያ ከዓለም የመኪና ኩባንያዎች ሁሉ ቀዳሚ ተብሎ ተሰየመ። ቀናት ሳይቆጠሩ በዚያው ወር የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ኩባንያው በናፍጣ ሞተሮቹ ላይ የልቀት ምርመራን የሚያታልል ፕሮግራም መግጠሙን ይፋ አደረገ። በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን ያህል ተሽከርካሪዎች ይህ ፕሮግራም ተገጥሞላቸው ነበር። የመለኪያው አዘጋጆች ኩባንያውን ከዝርዝራቸው የሰረዙት ከዚህ በኋላ ነው። ደረጃ ሰጪዎቹ በአመዛኙ የገመገሙት ኩባንያው ስለራሱ የነገራቸውን ነበርና፣ ያልነገራቸውን ሊያዩ አልቻሉም።

ከዚህ የከፋው በካራቺ የደረሰው ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2012 አሊ ኢንተርፕራይዝስ በተባለው የልብስ ፋብሪካ በተነሣው እሳት ከ250 በላይ ሠራተኞች አለቁ። ብዙዎቹ መውጫ አጥተው ነው የሞቱት። ፋብሪካው የሥራ ደኅንነትንና የሠራተኛ መብትን የሚያረጋግጠውን ኤስ.ኤ. 8000 የተሰኘ ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ያገኘው ከእሳቱ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ነበር። በሚያዝያ 2013 በዳካ አቅራቢያ ራና ፕላዛ ተደርምሶ 1,134 ሰዎች ሲሞቱ ነገሩ ተደገመ፤ በሕንጻው ውስጥ ከነበሩት ፋብሪካዎች መካከል በማኅበራዊ ኦዲት የታዩ ነበሩ። በባንግላዲሽ ከዚያ በኋላ ለውጥ ያመጣው በምርት ስም ባለቤቶችና በሠራተኛ ማኅበራት መካከል በግንቦት 2013 የተፈረመውና በሕግ የሚያስገድደው የእሳትና የሕንጻ ደኅንነት ስምምነት ነው። የዚህ ስምምነት መርማሪዎች ውጤታቸውን በየፋብሪካው ስም ለሕዝብ ያወጡ ነበር። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ቀደም ሲል የኦዲቱ ውጤት የሚደርሰው ለከፈለው ብቻ ሲሆን፣ አሁን ግን በማሽኑ ፊት የምትቀመጠው ሴትም ልታየው ቻለች።

ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ። ግሎባል ሪፖርቲንግ ኢኒሼቲቭ በ2021 ያሻሻለውና ከ2023 መባቻ ጀምሮ የሚሠራበት መመዘኛ ሁለት ተከታታይ አንቀጾች አሉት። 2-7 የሚለው ኩባንያው ቀጥረው የሚያሠራቸውን ሰዎች ብዛት ይጠይቃል። 2-8 የሚለው ደግሞ ተቀጣሪዎቹ ያልሆኑ፣ ነገር ግን ሥራቸው በኩባንያው ቁጥጥር ሥር የሆነ ሰዎችን ይመለከታል፤ በሠራተኛ አቅራቢ ድርጅት በኩል የመጡ የጽዳት፣ የጥበቃና የመሰል አገልግሎት ሠራተኞች እዚህ ይገባሉ። 2-7ን ኩባንያው በቀላሉ ይሞላዋል። 2-8 ላይ ሲደርስ ግን መመዘኛው ራሱ በር ይከፍትለታል፦ መረጃው ካልተገኘ ምክንያቱን ገልጾ ማለፍ ይቻላል።

ይህ የቁጥር ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ግን አይደለም። ለምሳሌ ሁለት ሺህ ቋሚ ተቀጣሪዎች፣ ሦስት ሺህ ደግሞ በንዑስ ተቋራጭ በኩል የሚሠሩ ሰዎች ያሉበት ኩባንያ እናስብ። የሥራ ላይ ጉዳት መጠን ብዙውን ጊዜ የሚሰላው የጉዳቶችን ቁጥር በተሠራው ሰዓት አካፍሎ፣ በሚሊዮን ሰዓት ስንት እንደሆነ በማሳየት ነው። ከፍታ ላይ መስኮት የሚያጸዳው፣ በፀሐይ ሥር የሚሸከመው፣ ሌሊት የሚጠብቀው ሰው ከስሌቱ ከወጣ፣ የቀረው በአመዛኙ ቢሮ ውስጥ የሚቀመጠው ነው። መጠኑ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ዘገባው በትልቅ ፊደል ያትመዋል። ቁጥሩ ሐሰት አይደለም። የሥልጠና ሰዓት፣ የሥራ መልቀቅ መጠን፣ በከፍተኛና በዝቅተኛ ተከፋይ መካከል ያለው ልዩነት፣ ሁሉም በዚሁ መንገድ ይጠራሉ።

የሚገርመው የካርበን ሒሳብ ይህን አጥር ቀደም ብሎ ማለፉ ነው። በ2011 የወጣው የዓለም አቀፉ የልቀት አመዘጋገብ መመዘኛ «ሦስተኛው ወሰን» የሚባለውን፣ ማለትም በአቅራቢዎችና በተጠቃሚዎች በኩል የሚፈጠረውን ልቀት እንዴት መቁጠር እንደሚቻል ዘረዘረ። ከጥር 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም አቀፉ የዘላቂነት መመዘኛዎች ቦርድ የአየር ንብረት መመዘኛም ይህንኑ ይጠይቃል። ቦርዱ ስለ ሰው ኃይል ምርምር ለመጀመር የወሰነው በ2024 ሲሆን፣ ለአየር ንብረቱ ያወጣውን የሚመስል መመዘኛ ለሰው ኃይል ገና አላወጣም። የአቅራቢ የጭነት መኪና የሚያወጣው ጭስ በኩባንያው መዝገብ ላይ ስፍራ ሲያገኝ፣ ሹፌሩ ግን ገና ደጅ ላይ ነው።

መረጃው የለም የሚለው ምክንያትም በኤምሬትስ ሁኔታ ብዙም አያሳምንም። ከ2009 ጀምሮ የሚሠራው የደመወዝ ጥበቃ ሥርዓት ክፍያዎችን በባንክና በተፈቀደላቸው የገንዘብ ተቋማት በኩል እንዲያልፉ በማድረግ የዘገየውን ከወቅቱ ይለያል። ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 ከቀኑ 6፡30 እስከ 9፡00 ሰዓት በፀሐይ ሥር ማሠራትን የሚከለክለው ደንብ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 5 ሺህ ዲርሃም፣ በጠቅላላው እስከ 50 ሺህ ዲርሃም ያስቀጣል። የ2021 የሥራ ሕግም የቅጥር ወጪን ከሠራተኛው መቀበልን ከልክሏል። በኢትዮጵያ በኩልም የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ ወጪዎችን በአሠሪው ላይ ጥሏል። እንግዲህ አንድ ትልቅ ኩባንያ ከንዑስ ተቋራጩ የደመወዝ መዝገብ እንዲቀርብለት፣ ሠራተኞቹም ለደላላ የከፈሉት ገንዘብ ካለ እንዲጣራ ቢያዝ፣ አዲስ ነገር አይፈጥርም፤ ሕጉ አስቀድሞ የጠየቀውን ወደ ዘገባው ያመጣል እንጂ። በእኔ አስተያየት ስለ ዛፍ ተከላ ከሚጻፍ አሥር ገጽ ይልቅ፣ በዓመቱ ውስጥ ስንት የንዑስ ተቋራጭ ሠራተኞች ደመወዝ ከቀኑ እንዳለፈ የሚገልጽ አንድ መስመር ስለ ኩባንያው የበለጠ ይናገራል።

ከአውሮፓ የሚነፍሰው ነፋስ ግን በተቃራኒው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በጥር 2023 በሥራ ላይ ያዋለው የዘላቂነት ዘገባ መመሪያ 50 ሺህ ያህል ኩባንያዎችን ይመለከታል ተብሎ ነበር። በየካቲት 2025 ኮሚሽኑ ራሱ ከእነዚህ 80 በመቶ የሚሆኑትን ነጻ የሚያወጣ የማሻሻያ ሐሳብ አቀረበ። የወረቀት ሸክም በዝቷል የሚለው ቅሬታ መሠረት አልባ አይደለም። የደን ጭፍጨፋን ለመከላከል የወጣው የኅብረቱ ደንብ ቡና የተመረተበትን ማሳ መገኛ ነጥብ ስለሚጠይቅ፣ በኢትዮጵያ ከአንድ ሔክታር ያነሰ መሬት ላይ የሚያለሙ ገበሬዎች ሸክሙን ያውቁታል። ነገር ግን ሸክሙን ማቅለል ማለት የትኛውን ገጽ መቅደድ እንደሆነ የሚወስነው ማን እንደሆነ መታየት አለበት። ዛፍ ተከላው የሚቀደድ አይመስልም።

የገንዘብ ቅጣት የጀመረባቸው አገሮች አሉ። በ2025 የፍራንክፈርት ዐቃቤ ሕግ የዶይቸ ባንክ የንብረት አስተዳደር ቅርንጫፍ የሆነውን ዲ.ደብሊው.ኤስ. ስለ ዘላቂነቱ ከእውነቱ በላይ በማጋነኑ 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል። በባሕረ ሰላጤው ለልቀት የወጣው ሕግ ደግሞ ቅጣቱን ከነመጠኑ ጽፎ አስቀምጧል። ለ2-8 እንዲህ ያለ ቅጣት የለም። በቀጣዩ ጸደይ የሚወጡት ዘገባዎች እጅ ሲገቡ፣ በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ያለውን የመመዘኛዎች ማውጫ ሰንጠረዥ ገልጦ በዚህ ቁጥር አንጻር የተጻፈውን ማየት ይቻላል፤ ወይ ቁጥር ይኖራል፣ ወይ «መረጃው አልተሟላም» የሚል ይኖራል፣ ወይም መስመሩ ራሱ ተዘልሏል።