የኩሬ ዓሣ ሕመም ከአዋዋኙ ይታወቃል

ላም ስትታመም ማመስኳቷን ትተዋለች፤ በግ ከመንጋው ወደኋላ ይቀራል፤ ዶሮ ክንፏን ጥላ ታንቀላፋለች። ይህን ለማወቅ አርሶ አደራችን ሥልጠና አላስፈለገውም። ዓሣ ግን ለብዙው አርሶ አደር አዲስ እንስሳ ነው፤ በዚያ ላይ የሚኖረው በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ነው። ስለዚህ መታመሙ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ሆዱን ገልብጦ ሲንሳፈፍ ነው። በእኔ አስተያየት በገጠር ኩሬዎች ከሚደርሰው ኪሳራ ማዳን የምንችለው ያለው፣ ዓሣው ከመንሳፈፉ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ አርሶ አደር ኩሬው ዳር ወስዶን “ዓሦቼ መጫወት ጀምረዋል” አለን። እውነትም ውኃው ውስጥ እዚህም እዚያም ብልጭ ይሉ ነበር። ቆሮሶዎቹ ድንገት ወደ ጎን ጋደም ብለው ከኩሬው ወለል ጋር ሲታከኩ ነጭ ሆዳቸው ይታያል። እኛም ባለሙያ ተብዬዎቹ ስቀን አለፍን። ሳምንት ሳይሞላ ለዐቢይ ጾም ገበያ ያሰባቸውን ዓሦች በቅርጫት እየለቀመ መቅበር ጀመረ።

ያ ጨዋታ አልነበረም። መዥገር የያዘው ከብት ዛፍ ላይ እንደሚታከክ ሁሉ፣ ቆዳውና ስንጥቡ ላይ ጥገኛ ተውሳክ የተጣበቀበት ዓሣም ይታከካል። ትራይኮዲና የተባለው ነጠላ ሕዋስ፣ ስንጥብ ላይ በመንጠቆ የሚንጠለጠሉት ጥቃቅን ትሎች፣ ገላን በነጭ ነጠብጣብ የሚሸፍነው የነጭ ነጥብ በሽታ ተውሳክ፣ ሁሉም ዓሣውን ያሳክኩታል። አንድ ዓሣ አንድ ጊዜ ቢታከክ አያስደነግጥም። ብዙዎቹ ደጋግመው ሲያደርጉት ግን መጠርጠር ይገባል። መጠርጠር የምለው አውቄ ነው፤ የውኃ መበከልም ዓሣን ሊያሳክክ ስለሚችል ምልክቱ ብቻውን ፍርድ አይሆንም።

ሁለተኛው ምልክት ብዙ ያሳስታል። ማለዳ ላይ ዓሦች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ሲያደርጉ ቢታዩ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የኦክስጅን እጥረት ነው። ሌሊት ውኃውን የሚያለብሰው አረንጓዴ አልጌ ራሱ ኦክስጅን ይሻማል፤ ፍግ የበዛበት ኩሬ ደግሞ ይብስበታል። ፀሐይ ሞቅ ስትል ዓሦቹ ወደ ውስጥ ከተመለሱ ችግሩ የውኃው ነው፤ ፍጉን አቁሞ ንጹሕ ውኃ ማስገባት ነው። ረፋዱም አልፎ እዚያው ካሉ፣ በተለይም ውኃ በሚገባበት ቦይ አፍ ላይ ከተሰበሰቡ፣ አንድ ሁለቱን ይዞ ስንጥባቸውን ገልጦ ማየት ያስፈልጋል። የጤነኛ ዓሣ ስንጥብ ደማቅ ቀይ ነው። የገረጣ ወይም ዝልግልግ ያለበሰው ከሆነ ባለሙያ ይጠራ።

ከመንጋው ተለይቶ፣ ቀለሙ ጠቁሮ፣ ዳር ላይ የቆመ ዓሣም አለ። የሰው ጥላ ሲያርፍበት የማይሸሽ ቆሮሶ ጤነኛ አይደለም። እዚህ ላይ ግን ብዙዎቻችን የምንስተው ነገር አለ፤ ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ስለምታሳድግ በዚያ ወቅት ምግብ ትተዋለች፣ ገለል ብላም ትቆማለች። ጉሮሮዋ አበጥ ብሎ ከታየ ትተዋት እንጂ ሕመምተኛ ብላችሁ አታውጧት።

የጥገኛ ትሎች ሥራ ደግሞ ለብቻው ነው። በጣና ሐይቅ ትንንሽ የባርበስ ዓሦች ሆድ ውስጥ ሊጉላ የሚባል ጠፍጣፋ ትል ይገኛል። ይህ ትል ዕድገቱን የሚጨርሰው በዓሣ በል ወፍ አንጀት ውስጥ ነው፤ በትሉ የተያዘ ዓሣም ወደ ውኃው ገጽ እየቀረበ ራሱን ለወፍ ያጋልጣል። በቆሮሶ ሥጋና ስንጥብ አካባቢ የሚታየው ክሊኖስቶመም የተባለው ቢጫ ትልም ከቀንድ አውጣ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ወፍ ይዞራል። የኩሬን ዳር ሣርና ቄጠማ ማጨድ የሚያስፈልገው ለመልክ ሳይሆን ቀንድ አውጣው የሚራባው እዚያ ስለሆነ ነው። ቢጫ ትል የታየበትን ዓሣ ገዢ አይነካውም። ሳይበስል ከተበላም ለሰው ጤና ጠንቅ ሊሆን ስለሚችል ዓሣን በደንብ አብስሎ መብላት ይበጃል።

በየከተማው የባሕር ዓሣ በመስታወት ገንዳ ለጌጥ የሚያኖሩ ሰዎች የዓሣቸውን ነገር ቀኑን ሙሉ ያዩታል፤ ሲታከክም፣ ሲያለከልክም፣ ምግብ ሲተፋም። የእኛ ኩሬ መስታወት የለውም። እንደ መስታወት የሚያገለግለን የምግብ ሰዓት ነው። ፉርሽካውንና ፋጉሎውን በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ እየበተኑ አሥር ደቂቃ ቆሞ ማየት ይበቃል። ትናንት እየተሻሙ የመጡት ዛሬ ከቀሩ አንድ ነገር አለ። ምግቡን በትኖ ለሚሮጥ ልጅ ብቻ የተተወ ኩሬ ይህን ዕድል ያጣል።

ከተጠረጠረ በኋላ ምን ይደረግ? ለተባይ የተገዛ የሰብል መድኃኒት ኩሬ ውስጥ መጨመር ዓሣውን መጨረስ ነው፤ ይህን ያደረጉ አሉ። ከውጭ ገላ ላይ ለሚጣበቁት ተውሳኮች የምግብ ጨው ይረዳል። በ20 ሊትር የኩሬ ውኃ 200 ግራም ጨው አሟሙቶ ቆሮሶዎቹን ለ10 ደቂቃ ያህል ማቆየት ነው፤ መጋደም ከጀመሩ ወዲያው ማውጣት። የባሕር ዓሣ የሚያኖሩት ግን ዓሣቸውን ለአጭር ጊዜ በጨው አልባ ውኃ ይነክራሉ፤ ምክንያቱ አንድ ነው፣ ተውሳኩ ያልለመደው ውኃ ይጎዳዋል። ሆኖም ጨው ሆድና ሥጋ ውስጥ ለገባ ትል አይሠራም። ኩሬ ሙሉ ዓሣንም በባልዲ ማዳረስ አይቻልም። ዋና ጥቅሙ ጫጩት ኩሬ ከመግባቱ በፊት ነው።

ለወረዳ ኃላፊዎች ያለኝ ቅሬታ ከዚህ ይጀምራል። የማያቸው ሪፖርቶች የተቆፈረ ኩሬና የተሠራጨ ጫጩት ይቆጥራሉ፤ በሽታ ሲመጣ ደግሞ የሞተ ዓሣ ብዛት። ለምርመራ የሚላከውም የሞተው ነው። ነገር ግን ዓሣው ከሞተ ሰዓታት በኋላ የውጭ ተውሳኮቹ ይሞታሉ ወይም ትተውት ይሄዳሉ፤ በማይክሮስኮፕ ሥር የሚቀርበው ባዶ ሬሳ ነው። መላክ ያለበት ገና በሕይወት ያለ፣ ሲታከክ ወይም ሲያለከልክ የተያዘ፣ ከነውኃው በፕላስቲክ የተቋጠረ ዓሣ ነው። በባሕር ዳርም በሰበታም የዓሣ ምርምር ማዕከላት አሉን፤ የጎደለን ከቀበሌ እስከ ወረዳ “ዓሣዎቼ ጠባያቸው ተለወጠ” የሚለውን ስልክ ተቀብሎ በዚያው ቀን የሚነሣ ሰው ነው። ይህ አዲስ መዋቅር አይጠይቅም። ለአንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ በጽሑፍ የተሰጠ ኃላፊነት፣ ባልዲና መረብ ይበቃዋል።

መረቡን ጠቅሻለሁና ልጨምር። ከኩሬ ኩሬ የሚዞረው የጋራ መረብ እርጥብ እንደሆነ ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ውስጥ ሲጣል ደጋግሜ አይቻለሁ። በሁለት ኩሬዎች መካከል ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ በደንብ ይድረቅ።

ያ አርሶ አደር ዘንድሮ እንደገና ጫጩት ጠይቋል። ወረዳው ሊሰጠው ተዘጋጅቷል። ጫጩቶቹ ትልቁ ኩሬ ውስጥ ከመለቀቃቸው በፊት ለሁለት ሳምንት በትንሽ ጉድጓድ ለብቻቸው ይቆዩና ይታዩ ብለናል፤ ጉድጓዱን እሱ ራሱ ቆፍሮ ጨርሷል።