ሁሉም ኮደር ከሆነ «ሲስተሙን» ማን ይጠብቀዋል?

ማንም ሳያስተምረን ሁላችንም የምናውቃት አንዲት የቴክኖሎጂ አባባል አለች፤ «ሲስተም የለም»። ባንክ ተሰልፈን ተራችን ሲደርስ፣ መታወቂያ ለማደስ ወረዳ ስንሄድ፣ ውል ልናጸድቅ ስንቀርብ እንሰማታለን። አነጋገሩ «ዝናብ መጣ» እንደማለት ነው። ጥፋተኛ የለ፣ ምክንያት የለ፣ «ነገ ተመለሱ» ብቻ። እኔ ከዚህች አባባል ጀርባ ያለውን ሥራ ስለምሠራ ልንገራችሁ፦ ሲስተም አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብሎ አይጠፋም። ወይ ያረጀ ባትሪ ሳይቀየር ቀርቷል፣ ወይ ሳይሞከር የተጫነ ማሻሻያ አለ፣ ወይ ደግሞ ፓስወርዱን የሚያውቀው ብቸኛ ሰው የዓመት ፈቃድ ላይ ነው።

የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ከሳይንስ ካምፓሱም ሆነ ከአምስት ኪሎ የሚመጡ ተማሪዎች ሲያገኙኝ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «ፓይተን ይሻላል ወይስ ጃቫስክሪፕት?» በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ የሆነውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ወስዳችሁ ሰርተፍኬቱን ስልካችሁ ላይ የያዛችሁም ብዙ ናችሁ። ጥሩ ነው፣ በርቱ። ግን የጻፋችሁት ኮድ የሚሠራው የሆነ ማሽን ላይ ነው። ማሽኑ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ቢቆም ማን ያስነሳዋል? የእኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ዛሬ ለአገራችን ከአንድ ተጨማሪ አፕ ሠሪ ይልቅ አንድ ጥሩ ሲስተም አድሚን ይበልጥ ያስፈልጋታል።

ይህን ለማየት ከመጋቢት 6 እስከ 7 ቀን 2016 ዓ.ም. የነበረውን ሌሊት ማስታወስ ይበቃል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ ሲዛመት በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ኤቲኤም ላይ ሰልፍ ሆነ። ባንኩ ያላግባብ የተወሰደውን ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ብሎ አሳወቀ። መንስኤውም የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ ችግር መሆኑ ተነገረ። ያን ሰሞን ክርክሩ ሁሉ ስለ ተማሪዎቹ ሥነ ምግባር ነበር። የሰው ገንዘብ የወሰደ መመለሱ ተገቢ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላው ጥያቄ ብዙም አለመነሳቱ ነው። እንዲህ ያለ ለውጥ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት የት ይሞከራል? ቢበላሽስ በስንት ደቂቃ ወደ ነበረበት ይመለሳል?

ለዚህ ነው ለጀማሪዎች መጀመሪያ የምነግራቸው ምክር ስለ ዕቃ ያልሆነው። ማንኛውንም ነገር ከመቀየራችሁ በፊት ሦስት መስመር ጻፉ፦ ምን እቀይራለሁ? የት ሞከርኩት? ከተበላሸ እንዴት እመልሰዋለሁ? ሦስተኛውን መጻፍ ካቃታችሁ አትንኩት። ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ጭራሽ አትንኩት፤ ስትደውሉ የሚያነሳ ሰው አታገኙም።

ሁለተኛው ባክአፕ ነው። «ባክአፕ አለን» ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 የጊትላብ ኩባንያ ባለሙያ የተሳሳተ ሰርቨር ላይ ሆኖ የዋናውን ዳታቤዝ መረጃ አጠፋ። ኩባንያው አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ መንገድ ነበረው፤ ሲፈለጉ ግን አንዳቸውም እንደሚገባው አልሠሩም። ያዳነው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ የተወሰደ ቅጂ ነው። የዓለም ፕሮግራመሮች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ኩባንያ እንዲህ ከሆነ የእኛን መሥሪያ ቤቶች አስቡት። ደንቡ ቀላል ነው፦ ሦስት ቅጂ፣ ሁለት የተለያየ ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከሕንጻው ውጭ። ቢያንስ አንዱ ደግሞ ከኔትወርኩ የተነቀለ ይሁን፤ ቫይረስ ሁሉንም ፋይል ቢቆልፍ የማይደርስበት እሱ ብቻ ነው። በወር አንዴ ከቅጂው መልሳችሁ ፋይል አውጡና ይከፈት እንደሆነ እዩ። ያልተሞከረ ባክአፕ ተስፋ እንጂ ባክአፕ አይደለም።

አሁን ወደ ዕቃው እንምጣ። ውድ ላፕቶፕ አያስፈልግም። የእኔ ቦርሳ ውስጥ ያለው ይኸው ነው፦ የኔትወርክ ኬብል ጫፍ መቆንጠጫ ክሪምፐር፣ የኬብል ቴስተር፣ ጥቂት አርጄ 45 ማገናኛዎች፣ የካቻቪቴ ስብስብ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ (መብራት ይሄዳላ!)፣ በማይለቅ ቀለም የሚጽፍ እስክሪብቶ። አንድ ፍላሽም አለ፤ ቬንቶይ የሚባለውን ነጻ ሶፍትዌር ጭኜበት የዊንዶውስም የሊኑክስም መጫኛ አብረው ተቀምጠውበታል። እስክሪብቶው ከሁሉም ርካሹ ነው፤ ግን በየኬብሉ ጫፍ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ካልተጻፈ ችግር በመጣ ቀን ግማሹ ሰዓት ሽቦ ፍለጋ ላይ ያልቃል።

በእኛ ከተማ ደግሞ ዩፒኤስን የሚያክል ነገር የለም። ሥራው ቀኑን ሙሉ ማሠራት ሳይሆን ጄኔሬተር እስኪነሳ መሸከም፣ ካልተነሳም ሰርቨሩን በሥርዓት ለመዝጋት ጊዜ መስጠት ነው። ባትሪው ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ቢያገለግል ነው። በአንድ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት ይህን ባትሪ በደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጠይቄ «በጀት የለም» ተብያለሁ። መብራት ተቆራርጦ ሰርቨሩ አልነሳም ያለ ቀን ግን «የት ነበርክ?» የተባልኩት እኔ ነኝ። ያተረፈኝ የደብዳቤዎቹ ኮፒ ነው። እና ምክሬ፦ የጠየቃችሁትን ሁሉ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ኮፒውንም ያዙ። አለቆችም ብትሰሙ ጥሩ ነው፤ አይቲ ማለት ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ ብቻ የሚጠራ ልጅ አይደለም።

«ላፕቶፕም የለኝ፣ በምን ልማር?» ለምትሉ፣ እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ይበቃል። አንድሮይድ ላይ ቴርመክስ የሚባለውን ነጻ አፕ ጫኑና የሊኑክስ ትእዛዞችን ልመዱ፤ ከሩቅ ሰርቨር ጋር መገናኘትም ይቻልበታል። 8 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ካገኛችሁ ቨርቹዋልቦክስ ጭናችሁ ሁለት ትናንሽ ሰርቨሮች አቁሙ፤ ሆን ብላችሁ አበላሹ፣ መልሳችሁ አስተካክሉ። ጸጥ ያለ ቦታ ከፈለጋችሁ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት እዚሁ አራት ኪሎ ነው።

ሰርተፍኬትስ? ይጠቅማል፤ ግን ቀድሞ የሚመጣው ልምዱ ነው። የሲስኮው ሲሲኤንኤ ፈተና 300 ዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር በብር ምን ያህል እንደሆነ ታውቃላችሁ። በሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ ነጻ ኮርሶች ጀምሩ፤ ለፈተናው ገንዘብ የምታወጡት እንደምታልፉ እርግጠኛ ስትሆኑ ይሁን። እስከዚያ አንድ ደብተር ያዙ፦ ቀን፣ ምን ተበላሸ፣ ምክንያቱ ምን ነበር፣ እንዴት ተስተካከለ። ቃለ መጠይቅ ላይ ከሃያ ኮርስ ስም ዝርዝር ይልቅ ከዚህ ደብተር የምታወሩት አንድ ታሪክ ያስቀጥራችኋል።

ሥራው ጭብጨባ እንደሌለው አልደብቃችሁም። አራት ኪሎ በ1914 ዓ.ም. የተመሠረተው የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሰፈር ነው። ጋዜጣ ላይ የጸሐፊው ስም ይወጣል፤ ሌሊቱን ማሽኑን ሲያንቀሳቅስ ያደረው ሰው ስም ግን አይወጣም። እሱ ከሌለ ግን ጠዋት ጋዜጣ የለም። የእኛም ነገር እንደዚያው ነው፤ ሁሉም ሲሠራ ማንም አያየንም። ይህን መቻል የሚችል ወጣት ደግሞ ሥራ አያጣም።

ዛሬ ማታ መጀመር ትችላላችሁ። ስልካችሁ ላይ ያሉት ፎቶዎችና ቁጥሮች ሌላ ቦታ ቅጂ አላቸው? ቅጂውን ከፍታችሁ አይታችሁታል? ካላያችሁት የመጀመሪያው የአድሚን ሥራችሁ እሱ ነው።