የኢዩድ ቤተ ክርስቲያን የሐሰት ዕድሜ አያሻትም

በሰሜን ሮማንያ፣ በማራሙሬሽ አውራጃ፣ በኢዩድ መንደር ኮረብታ ላይ የቆመችው የእንጨት ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1364 ተሠራች የሚል ትውፊት ለረጅም ዘመን ሲነገር ኖሯል። የግንዶቹ ዓመታዊ ቀለበት ሲመረመር ግን ዛሬ የሚታየው ሕንፃ የ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሥራ መሆኑ ተረጋገጠ። ትውፊቱ የመንደሩ ሕዝብ ፍቅር መግለጫ መሆኑ አይካድም። ሆኖም እውነቱ ከታወቀ በኋላ የቀድሞውን ቁጥር የሙጥኝ የሚሉ ወገኖች ስሕተታቸው የቁጥር ብቻ አይደለም፤ ቅርስን በዕድሜው እንጂ በውስጡ ባለው የሰው ሥራ አለመመዘናቸው ነው።

ለመሆኑ የሕንፃዋ ክብር ከምን የመነጨ ነው? ግንዱን በመጥረቢያ ጠርቦ፣ ጫፍና ጫፉን አቆላልፎ፣ ቀጭኑን ማማ ወደ ሰማይ ካቀናው የገጠር አናጢ ጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1782 ውስጧን በሥዕል ካስጌጠው ከአሌክሳንድሩ ፖነሃልስኪ ብሩሽም ነው።

ዕድሜን የሚያመልክ ሰው የጣሪያው ጣውላ በአዲስ በተለወጠ ቁጥር ቅርሱ የጎደለ ይመስለዋል። ሐቁ ግን ተቃራኒው ነው። ዝናብና በረዶ የሚበላው ጣውላ በየጊዜው ካልታደሰ ግንዱ ራሱ ይበሰብሳል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያኒቱን ለዛሬ ያበቃት የእንጨቱ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ጣውላ መፍለጥ የሚያውቅ እጅ አለመጥፋቱ ነው።

ይህ እጅ የሚገኘው ደግሞ በመንደሩ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 የድራጎሚሬሽት ቤተ ክርስቲያን ተነቅላ ቡካሬስት ወደሚገኘው የመንደር ሙዚየም ስትወሰድ እንጨቱ ዳነ፤ ሕዝቧ ግን በስፍራው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1988 የቻውሼስኩ መንግሥት ከ13 ሺህ ያህል መንደሮች ግማሽ ያህሉን ለማጥፋት በዕድገት ስም ያወጣው ዕቅድ ከዚህም የከፋ ነበር። ሥርዓቱ በ1989 ባይወድቅ ኖሮ ሠሪው ሕዝብ ራሱ ከቀዬው በተነቀለ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኔስኮ የኢዩድን ጨምሮ 8 የማራሙሬሽ የእንጨት አብያተ ክርስቲያናትን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። መልካም ተግባር ነው፤ መዝገብ ግን ጣሪያ አይከድንም። ለቅርስ የሚቆረቆር ሁሉ ቀዳሚ ኃላፊነቱ ወጣቱ ከአረጋዊው አናጢ ሥር ሆኖ ሙያውን የሚቀስምበትንና በሙያው የሚተዳደርበትን መንገድ ማመቻቸት ነው። መጥረቢያው ከእጅ የወደቀ ዕለት 1364ም ሆነ 17ኛው መቶ ዓመት በተረፈ ፍርስራሽ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ ብቻ ሆኖ ይቀራል።