ዝንጅብሉን ተዉትና አንገቱን እዩት

የዘፋኝ ድምፅ ሲዘጋ እኛ ጋ መድኃኒቱ ይታወቃል፤ ዝንጅብል በማር። ካልሆነ ጥሬ እንቁላል። ሲብስ ደግሞ «ትንሽ አረቄ ጉሮሮ ይከፍታል» ይባላል። ይህ ሁሉ የሚወርደው በምግብ ቧንቧ ነው፤ የድምፅ አውታሮቹን አያገኛቸውም። አረቄው እንዲያውም ያደርቃል።

የብዙ ዘፋኞቻችን ጣጣ ጉሮሮ ላይ ይታይ እንጂ የሚጀምረው ሌላ ቦታ ነው ባይ ነኝ። መድረክ ላይ ያለውን ሰው ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። ከፍ ያለችው ኖታ ስትመጣ አገጩ ይሰቀላል፣ የአንገቱ ሥር ይገተራል፣ ትከሻው ጆሮው ሥር ይደርሳል። እኛ ደግሞ «በስሜት ዘፈነ» ብለን እናጨበጭባለን።

ይህን ነገር በራሱ ላይ የመረመረ ሰው አለ። ፍሬድሪክ ማቲያስ አሌክሳንደር ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1869 በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ ተወለደ። መድረክ ላይ ሼክስፒርን በቃሉ ሲወጣ ድምፁ ይሻክርበት ነበር። ሐኪም ዕረፍት አዘዘለት፤ ሲያርፍ ይሻለዋል፣ መድረክ ሲወጣ ይመለስበታል። «እንግዲያው ጥፋቱ ስናገር የማደርገው ነገር ነው» ብሎ መስታወት ፊት ቆመ። አፉን ሊከፍት ሲል ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ማንቁርቱን ወደ ታች ይጫናል፣ አየሩንም በአፉ ድምፅ እያሰማ ይስባል።

የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። አስተካከልኩ ብሎ ሲያምን መስታወቱ አላስተካከልክም አለው። የለመደው አቋም ትክክል ስለሚመስለው ስሜቱን ማመን አልቻለም። ለዚህ ነው ዘፋኝን «ዘና በል» ማለት ብቻውን የማይረዳው፤ እሱ ዘና ያለ መስሎታል! «በደንብ ሳብ» ሲባልም ደረቱንና ትከሻውን ያነሳል። ይልቅ አየሩን ጨርሶ ያውጣ፣ ሆዱንና ጎድኑን ይልቀቅ፤ ድያፍራሙ ሲወርድ ትንፋሹ ራሱ ይገባል። ዛሬ መስታወት እንኳ አያስፈልግም፤ ጓደኛው በስልክ ከጎን ይቅረጸውና አብረው ይዩት።

«ጥላሁንን ማን አስተማረው?» የሚል አይጠፋም። ጥላሁን ገሠሠን የምናስታውሰው ድምፁ ለአሥርተ ዓመታት ስለዘለቀ ነው። በጥቂት ዓመት ድምፃቸው የጠፋውን ግን ማን ይቆጥራቸዋል? የለንደኑ ሮያል ኮሌጅ ኦፍ ሚዩዚክ ተማሪዎች የአሌክሳንደርን ዘዴ ይማራሉ፤ እኛም በየመዘምራኑ ልምምድ መጀመሪያ ላይ አሥር ደቂቃ ብንሰጠው አንጎዳም።

ሁሉን ይፈውሳል ለሚሉት ግን ጆሮ አትስጡ። እ.ኤ.አ. በ2008 እንግሊዝ ውስጥ በተደረገ ትልቅ ጥናት ጠቃሚነቱ የታየው ለቆየ የጀርባ ሕመም ነው። ድምፁ ከ3 ሳምንት በላይ የሻከረበት ሰው መጀመሪያ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው፤ አውታሩ ላይ እብጠት ካለ አቋም ማስተካከል አያጠፋውም።

የምሽት ክበብ ባለቤቶችም ከደሙ ንጹህ አይደሉም። ሞኒተሩ ተበላሽቶ የራሱን ድምፅ የማይሰማ ዘፋኝ ከባንዱ በላይ መጮኹ አይቀርም፤ አንገቱም አብሮ ይገተራል። ድምፁ በተዘጋበት ምሽት ደግሞ የሚቀረው የእሱ ክፍያ ነው። ከአዲሱ መብራት በፊት ሞኒተሩን አሠሩ።