አላርሙ ጮኸ፤ ማን ይነሳ?

ዛሬ ስለ አላርም እናወጋለን። የመኪና አላርም አይደለም፤ ሰው ሲንቀሳቀስ አይቶ ስለሚጮኸው የቤት አላርም ነው። ድሮ ይህ ነገር የባንክና የኤምባሲ ዕቃ ነበር። ዛሬ መርካቶም ይገኛል፤ ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድም ከሽቶውና ከጫማው ጋር በሻንጣ ጠቅልሎ ይዞት ከች ይላል። እኔ የምኖርበት ግቢም የገባው በዚሁ መንገድ ነው። ታዲያ መጀመሪያ ጉዱን ልንገራችሁ፤ ምክሩን ኋላ አመጣዋለሁ። የኔ ስህተት ለእናንተ ትምህርት ከሆነ ምን ከፋኝ!

ነገሩ ወዲህ ነው። የምኖረው ቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ካዛንቺስ ነው፤ የአንዲት አሮጊት ሴት ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ። እትዬ ነው የምላቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ውጭ ናቸው፤ ትልቁ ቤት ውስጥ ከአንዲት ድመት ጋር ይኖራሉ።

ካዛንቺስ ስሙ ራሱ የመጣው ከቤት ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በወረረበት ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ መሥሪያ ቤት ነበረው፤ በምህጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር። ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፤ እኛ ደግሞ አፋችን እንደተመቸው ካዛንቺስ አልነው። ሰፈሩ ሌሊት አይተኛም ነበር። ቤቱ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዘ ስለሆነ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ!» ይለዋል። «ሌባ! ሌባ!» የተባለ እንደሆነማ ሌባው የሚወጣበት ቀዳዳ ያጣል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት አብዛኛው ቤት ፈረሰና ጎረቤቱ ተበተነ። ገሚሱ ገላን ጉራ ገባ፣ ገሚሱ ኮንዶሚኒየም ደረሰው፣ ገሚሱ ዘመድ ጋ ተጠጋ። የእትዬ ግቢ ዳር ላይ ስለሆነ ተረፈ። በእኛ ቅያስ የቀረነው ስድስት ግቢ ብቻ ነን። ለሰፈሩ ዘበኛ በየወሩ የሚያዋጣ ሰው ሲጠፋ ዘበኛውም ፊሽካውን ኪሱ ከትቶ ሄደ።

ሌባ ደግሞ ይህን ለማወቅ ጋዜጣ ማንበብ አያስፈልገውም። አንድ ሌሊት አጥር ዘሎ ገባና ከማድ ቤት የጋዝ ሲሊንደሩን፣ ከገመድ ላይ ታጥቦ የተሰጣውን ጋቢ ወስዶ ሄደ። እትዬ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጡ። ኮሽ ባለ ቁጥር «ማነው?» ይላሉ። አሜሪካ ያለው ልጃቸው ይህን ሲሰማ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው አላርሙን ላከላቸው። አንድ ዋና ማሽን፣ ሁለት ነጫጭ ሴንሰሮች፣ ለበርና ለመስኮት የሚለጠፉ ማግኔቶች፣ ሁለት ሪሞት፣ አንድ ሳይረን።

ማን ይግጠመው? እኔ! ፊዚክስን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የተሰናበትኩት ሰውዬ! ወረቀቱን ማንበብ ሰለቸኝና ሴንሰሩን ሳሎን ቡፌው ላይ፣ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሬ አስቀመጥኩት። ሪሞቱ ላይ የተቆለፈ ቁልፍ ሥዕል አለ፤ እሱን ጫን ስል ጢው አለ። «እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ንግሥት ይተኛሉ!» አልኳቸው። «ብቻ ሌሊት ወደ ሳሎን እንዳይወጡ።» መጸዳጃው በሳሎን በኩል መሆኑን ረስቼዋለሁ።

የመጀመሪያው ሌሊት አላርሙ ጮኸ። ምን ልበላችሁ፣ ሙት ይቀሰቅሳል! ጎረቤት ሁሉ ወጣ። አንዱ ዱላ፣ ሌላው ፌሮ፣ አንዲት እናት ደግሞ ዘነዘና ይዘው መጡ። ሌባው ማን ሆኖ ተገኘ? ድመቷ! ቡፌው ላይ ቁጭ ብላ ሴንሰሩን ትልሳለች። ተሳስቀን ተለያየን።

በሁለተኛው ሌሊትም ጮኸ። ሁለት ሰዎች ብቻ መጡ፤ አልሳቁም። «ኧረ ይህን ነገር አስታግሱልን፣ ጠዋት ሥራ አለን» አሉን። በሦስተኛው ሌሊት ማንም አልመጣም።

በአራተኛው ሌሊት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም፣ እንደገና ጮኸ። ብድግ አልኩ፤ መብራት አበራሁ። «ይቺ ድመት!» አልኩና መብራቱን አጥፍቼ ብርድ ልብሱን ተከናነብኩ። ሳይረኑ ሦስት ደቂቃ ጮኾ በራሱ ጊዜ ዝም አለ። እኔም ተኛሁ።

እትዬ ጠዋት 12 ሰዓት ቤተክርስቲያን ሳሚ ናቸው። በዚያን ዕለት 1 ሰዓት ሲሆን በራቸው አልተከፈተም። አንኳኳሁ። ከውስጥ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ «ልጄ...»። ባለችኝ ቁልፍ ከፍቼ ስገባ ሳሎኑ ሲሚንቶ ላይ ወድቀዋል። ሌሊት ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ ምንጣፉ አዳልጧቸዋል። እጃቸው ከመዳፉ በላይ ተሰብሯል፤ ብርዱ ከንፈራቸውን አጥቁሮታል። አራት ሰዓት ሙሉ እዚያ ተኝተዋል። ያ ማሽን ያየው እሳቸውን ነበር፤ የጮኸውም ለእሳቸው ነበር።

«ጮኾ ነበር እኮ፤ አልሰማህም ልጄ?» አሉኝ።

«እንቅልፍ ጥሎኝ ነው እትዬ፣ አልሰማሁም» አልኳቸው። ዋሸሁ።

እጃቸው በጀሶ ታስሮ ሲመለሱ አንድ አላርም መግጠም የሚያውቅ ልጅ ፈልጌ አመጣሁ። ልጁ ቡፌውን አየት፣ መስኮቱን አየት፣ እኔን አየት አደረገና «ወንድሜ፣ ይህ አላርም ምንም አልሆነም፤ ያበላሸኸው አንተ ነህ» አለኝ። እሱ ካስተማረኝና በኋላም ወረቀቱን በደንብ አንብቤ ከተረዳሁት ዋና ዋናውን ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ሴንሰሩ ምን እንደሚያይ ዕወቁ። ይህ ዓይነቱ ሴንሰር ሰው አይለይም፤ የሚያየው ሙቀት ነው። ገላችን ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ የሚባል ጨረር ያወጣል። የሴንሰሩ ፊት ላይ ያለው የተሸነሸነ ፕላስቲክ ክፍሉን እንደ ጃንጥላ ሽንሽን ይከፋፍለዋል፤ ሞቅ ያለ ገላ ከአንዱ ሽንሽን ወደ ሌላው ሲሻገር ማሽኑ ይነቃል። ስለዚህ ከፊት ለፊቱ ቀጥ ብሎ ከሚመጣ ሰው ይልቅ በፊቱ አቋርጦ የሚያልፈውን ቶሎ ይይዛል። ለአዲስ አበባ አየር ይስማማል። ሰመራ ወይም ጋምቤላ ያላችሁ ግን፣ የክፍሉ ሙቀት ከሰው ገላ ሙቀት ጋር ሲቀራረብ ማየቱ እንደሚደክም ዕወቁ።

ሁለተኛ፣ ቦታ። ከመሬት 2 ሜትር ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የክፍሉ ማዕዘን ላይ ይሰቀል፤ ከበር የሚገባ ሰው ሳያቋርጠው የማያልፍበት ቦታ ይመረጥ። ፊቱ ወደ መስኮት አይዙር፤ ፀሐይ ያሞቀው መጋረጃ በነፋስ ሲወዛወዝ ሊያስጮኸው ይችላል። የእንጀራ ምጣድ፣ የከሰል ምድጃና የፍሪጅ ጀርባ ከፊቱ አይሁኑ። በመስታወትና በቁም ሣጥን አሻግሮ አያይም፤ ዕቃ ከፊቱ ደርድራችሁ «አልሠራም» አትበሉት። ድመት ካለ ትንሽ እንስሳ እንዲያልፍ የሚፈቅድ ሴንሰር አለ፤ እሱም ቢሆን ድመቷ ቡፌ ላይ ወጥታ አፍንጫው ሥር ከተቀመጠች አይችላትም።

ሦስተኛ፣ እና ለእኛ ቤት ዋናው ይህ ነበር፤ የቀንና የሌሊት አጠቃቀሙ ይለያያል። ብዙው አላርም ሁለት ዓይነት መቆለፊያ አለው። አንዱ ቤቱ ባዶ ሲሆን ነው፤ ሁሉም ሴንሰር ይጠብቃል። ሌላው ሰው ቤት ውስጥ ተኝቶ ሳለ ነው፤ የበርና የመስኮቱ ማግኔት ብቻ ይጠብቃል፣ የውስጡ ሴንሰር ግን ያርፋል። እኔ በየሌሊቱ ስጫን የነበረው የባዶ ቤቱን ነው። እሳቸውን ለመጠበቅ ብዬ በገዛ ቤታቸው እስረኛ አደረግኋቸው ማለት ነው። የሌሊቱ ሪሞት ላይ የቤት ሥዕል አለ፤ አሁን እሱን ነው የሚጫኑት።

አራተኛ፣ መብራት። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ከሆነ ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት አዳፕተሩ ጀርባ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ሰላም ነው፤ 110 ወይም 120 ብቻ የሚል ከሆነ የኛ 220 ያቃጥለዋል። መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ ውስጡ ይኑር፤ መኖሩ ብቻ ሳይሆን መሥራቱን ገመዱን ነቅላችሁ ሞክሩት። ሲም ካርድ የሚገባበት ከሆነ ደግሞ ካርድ መሙላቱን አትርሱ። ሒሳብ የሌለው ሲም ለማንም አይደውልም።

አምስተኛ፣ ፈትሹ። ብዙዎቹ ሳይረኑ ሳይጮኽ የሚሞከሩበት መንገድ አላቸው። ከተበራ በኋላ አንድ ደቂቃ ያህል ታገሡትና ከበር እስከ ጓዳ ተራመዱ፤ ትንሿ መብራት የት ላይ ብልጭ እንደምትል ተመልከቱ። በየወሩ ፊቱን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ ሸረሪት ፊቱ ላይ ካደራች እሷም ታስጮኸዋለች። የሚስጥር ቁጥሩንም ከፋብሪካ እንደመጣ አትተዉት፤ «1234»ን ሌባም ያውቀዋል።

ይህ ሁሉ ተስተካከለ። ግን አንድ ነገር ይቀረን ነበር። ማሽኑ ቢጮኽስ ማን ይነሳል?

ስለዚህ ጉዳይ ሳነብ አንዲት ሴት አገኘሁ። ሜሪ ቫን ብሪታን ብራውን ትባላለች፤ ኒው ዮርክ፣ ኩዊንስ የሚባለው አካባቢ የምትኖር ነርስ ነበረች። የሥራ ሰዓቷ የተዘበራረቀ ነው፤ ፖሊስ ደግሞ በተጠራ ጊዜ ቶሎ አይደርስም። ኤሌክትሮኒክስ ከሚያውቀው ባሏ ጋር ሆና በር ላይ ያለውን ሰው በቴሌቪዥን የሚያሳይና የሚያነጋግር መሣሪያ ፈለሰፈች። እ.ኤ.አ. በ1966 አመለከቱ፣ በ1969 የፈጠራ መብታቸው ተመዘገበ። ከመሣሪያው ጋር እርዳታ የሚጠራ ቁልፍም ነበረው። ልብ በሉ፤ ያ ሁሉ ካሜራና ሽቦ በመጨረሻ የሚያደርሰው ወደ ሰው ነው። አላርም ሰው ይጠራል እንጂ ሰው አይሆንም።

ስለዚህ አንድ እሑድ ከሰዓት እትዬ ቡና አስፈሉና የስድስቱን ግቢ ሰዎች ጠራን። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅን። ቀጥሎ ተስማማን። ሳይረን ሲጮኽ ቅርብ ያለው ሰው በመጀመሪያ እትዬ ጋ ይደውላል። በስህተት ከሆነ ራሳቸው ይናገራሉ፤ ሁሉም ይተኛል። ስልክ ካላነሱ ሁለት ሰው አብሮ ይወጣል፤ ብቻውን የሚወጣ ጀግና አንፈልግም። አጥሩ ከተደፈረ ወይም በሩ ከተሰበረ ማንም አይገባም፤ 991 ለፖሊስ ይደወላል። አንድ የቤቱ ቁልፍ ከእኔ ሌላ ዘነዘና ይዘው የመጡት እናት ጋ ተቀመጠ። ሪሞቱ ላይ ያለውን የእርዳታ መጥሪያ ቁልፍ ደግሞ እትዬ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አሰሩት። በስህተት ሁለት ጊዜ የጮኸ እንደሆነ በማግሥቱ ምክንያቱ ተፈልጎ ይስተካከላል እንጂ «ለምደነዋል» አይባልም። መልመድ ነው የገደለን።

ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ስኒ እያነሳሁ ሳለ አላስችል አለኝ። «እትዬ፣ የዚያን ሌሊት ሰምቼ ነበር። ድመቷ መስላኝ ተኛሁ» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ በደህናው እጃቸው ረከቦቱን ወደኔ ገፋ አደረጉና «አውቃለሁ» አሉኝ። «በመስታወቱ መብራትህ ሲበራ አይቼ መጣልኝ ብዬ ነበር። መልሶ ሲጠፋም አየሁ።» ሌላ አልጨመሩም። ጠዋት ቁርስ አስቀመጡልኝ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ያች መብራት ከዓይኔ አልጠፋችም።

ወዳጆቼ፣ አዲስ ሰፈር የገባችሁ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በር ዘግታችሁ የምትኖሩ፣ ወይም እንደኛ ፍርስራሽ መሀል የቀራችሁ፤ አላርም መግዛት ጥሩ ነው፣ ግዙ። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ወይም በማግሥቱ የጎረቤታችሁን በር አንኳኩና ስማችሁን ንገሩት፤ ስልኩንም ተቀበሉት። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ያሉት ሳይረን በሌለበት ዘመን ነበር፤ ሳይረን ባለበት ዘመንም አልተሻረም። ጎረቤታችሁ ቤት ያለው ሲጮኽ ደግሞ፣ ድመት ቢመስላችሁም፣ አንድ ጊዜ ደውሉ።